እንግዶቹን ማን ይሸኛቸዋል? የመጋቢት ወፎች ጉዞና የእኛ ድርሻ

በጎንደር ገጠሮች የቤተ እስራኤል ልጆች አንድ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ሽመላዎች በመንጋ ሆነው ሲያልፉ ቀና ብለው እያዜሙ ይጠይቋቸው ነበር። ኢየሩሳሌም እንዴት ናት? ደህና ናት ወይ? ወፏ መልስ አትሰጥም። ከዚያ እንደምትመጣ፣ ወደዚያም እንደምትመለስ ግን ማንም አይጠራጠርም።

ልጆቹ ልክ ነበሩ። ካርታ ሳያዩ፣ ሳተላይት ሳይኖር መንገዱን አውቀውታል። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሡት ነጭ ሽመላዎች ወደ አፍሪካ ሲመጡም ሲመለሱም በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ቁጥራቸው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። የሜዲትራንያንን ባሕር ስለማይደፍሩት ዙሪያውን ይዞራሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን ታውቃለች ያለውም እዚያው አገር፣ ያንኑ ሰማይ እያየ ነው።

ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ እስራኤል ውስጥ አያት ሆነዋል። መጋቢት ላይ ቀና ቢሉ ሽመላዎቹን ከመንገዱ ሌላ ጫፍ ያገኟቸዋል። በዚያው ወር ደግሞ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ሰዎች ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤላት ይጎርፋሉ። ባሕሩ አይደለም የጠራቸው። ብዙዎቹ ከእኛ አገርና ከጎረቤቶቻችን ተነሥተው ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ወፎች ሊያዩ ነው የሚመጡት።

እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ለጥቂት ደቂቃ የሚያዩትን ወፍ እኛ ወራት ሙሉ ደጃችን ላይ አክርመነዋል። ሲሄድ ግን አንሸኘውም። መሄዱንም አናውቅም። እንግዳ ደጅ ድረስ ሳይሸኝ የማይመለስ ሕዝብ ለእነዚህ እንግዶች ምነው ዝም አለ እላለሁ።

መጀመሪያ ግን ኤላት ለምን እንዲህ እንደሆነች ላስረዳ።

ብዙዎቹ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ አገር አይደርሱም። ይደክማሉ። ንስር፣ ሽመላና ጥንብ አንሳ የሚጓዙት ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ወደ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ። ከዚያ ወደፊት እየተንሸራተቱ ዝቅ ይላሉ። ሌላ ሞቃት አየር ሲያገኙ እንደገና ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ጉልበት ሳያወጡ አገር ያቋርጣሉ። ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር ብዙም የለም። ስለዚህ የግድ የብስ ይፈልጋሉ። አፍሪካን ከእስያ የሚያገናኘው የብስ ደግሞ ሲና ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከኬንያና ከዚያም ወዲያ የተነሣው አብዛኛው ወደዚያች ጉሮሮ ይጠባል። ኤላት የተቀመጠችው እዚያው አጠገብ ነው።

ትንንሾቹ ወፎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። እነሱ ክንፋቸውን እያራገቡ፣ አብዛኞቹም በሌሊት፣ ሰሃራን ያቋርጣሉ። በረሃውን ጨርሰው ብቅ ሲሉ የመጀመሪያው አረንጓዴ ነገር ኤላት ነው። እዚያ ቀድሞ ሰፊ የጨው ረግረግ ነበር። ከተማው፣ ሆቴሉና እርሻው አብዛኛውን በላው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ላይ ዛፍ ተተክሎ፣ ውሃ ተስቦ የወፎች ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ ተመራማሪዎች እዚያ ወፎቹን በመረብ ይዘው፣ ይመዝናሉ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት አስረው ይለቃሉ። የቆሻሻ ክምር የነበረ ቦታ የሕይወት ማረፊያ መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ጉዞው ተራ አለው። ከየካቲት ጀምሮ ንስሮቹ ያልፋሉ። ሽመላዎቹ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ናቸው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሃኒ በዛርድ ይመጣል። ይሄ የተርብ ቤት ቆፍሮ እጩን የሚበላ አሞራ ነው። ሰማዩን ሞልቶ ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደይ ኤላት ላይ በተደረገው ቆጠራ ሃኒ በዛርድ ብቻውን ከ800 ሺህ በላይ ሆነ። አዳኝ ወፎቹ በሙሉ ሲደመሩ ከ1 ሚሊዮን አለፉ። በአንድ ጸደይ፣ ከጥቂት ኮረብታዎች ላይ የተቆጠረ ነው እንግዲህ።

በዚያው ዓመት የተቆጠረው የስቴፕ ንስር ወደ 75 ሺህ ይጠጋ ነበር። ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ኤላት ላይ የሚቆጠረው የስቴፕ ንስር ክፉኛ አሽቆልቁሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወፉ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ውስጥ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዘገበ። እንግዲህ ኮረብታ ላይ ወንበር ዘርግቶ ሰማይ ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። ያን ጊዜ ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ንስሩ ማለቁን በምን እናውቅ ነበር?

ወፎቹን ለማየት ለምን ጸደይ ተመረጠ? (በነገራችን ላይ ጸደይ ስንል ብዙዎቻችን አደይ አበባና መስከረም ነው የሚታየን። በቀደመው የወቅት አቆጣጠር ግን ጸደይ መጋቢት 26 ይገባል። መስከረም ላይ የሚጀምረው መጸው ነው።) አንደኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው የስቴፕ ንስሮች እንዳሳዩት መጪውና ተመላሹ መንገድ አንድ አይደለም። ወደ እኛ ሲመጡ ብዙዎቹ በዓረብ ልሳነ ምድር ወርደው ባሕሩ በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ተሻግረው ጅቡቲ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው እዚያ በተደረገ ቆጠራ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ታይተዋል። ሲመለሱ ግን በሱዳንና በግብጽ አድርገው በሲና ያልፋሉ። ትልቅ ክብ ነው የሚሠሩት። እኛ በዚያ ክብ ውስጥ አለን።

ሁለተኛው ምክንያት ውበታቸው ነው። በጸደይ ወንዶቹ የጋብቻ ላባቸውን ለብሰዋል። ይዘምራሉ። ይቸኩላሉም። ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ቦታ ይይዛልና። አንዳንዱ በችኮላው ከመድረሻው አልፎ ይሄዳል። ሌላውን ነፋስ ከመንገዱ ያወጣዋል። አልፎ አልፎ በማይጠበቅበት አገር የማይጠበቅ ወፍ የሚገኘው በዚህ ነው። ወፍ ተመልካቾች ሌሊት ነድተው፣ እንቅልፍ አጥተው የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ኤላት ላይ ውድድር አለ። ቡድኖች በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ዓይነት ወፍ እንዳዩ ይፎካከራሉ። የሚሰበሰበው ገንዘብ በጉዞው መስመር ላይ ያለውን ሕገ ወጥ የወፍ አደን ለመከላከል ይውላል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ።

ባለፈው የካቲት ሱሉልታ ሜዳ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትነሡ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ትደርሳላችሁ። ሜዳው ላይ ክሬን የሚባሉት ወፎች ነበሩ። ግራጫ፣ አንገተ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሩቅ ጥሩንባ የሚመስል። ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የሚመጡ ናቸው። በከብቶቹ እግር መሐል ደግሞ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ሽር ትላለች። ጭራዋን ላይ ታች ትወዘውዛለች። ከብቱ ሲረግጥ የሚነሣውን ዝንብ ትለቅማለች። ይህችን ወፍ ደጋ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ከሳይቤሪያ ድረስ ልትመጣ እንደምትችል ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ባይኖኩላሩን እያየ ጠጋ አለኝ። ሰጠሁት። አይቶ አይቶ «ጋሼ፣ እነዚህኮ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው የሚመጡት። በልግ ሲጥል ይሄዳሉ» አለኝ። የትም አልተማረውም። በየዓመቱ አይቶ ነው። እንዲህ ያለ እውቀት በየሜዳው አለ። የሚጽፈው ሰው ነው የታጣው።

ቋንቋችንም ቢሆን ይህን ያውቃል። ጠፍቶ የከረመን ወዳጅ «ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ?» እንለዋለን። ወፍ ቀጠሮ እንዳለው የገባው ሰው ነው ይህን የተናገረው። አንዳንድ ወፍ ግን ቀጠሮው ላይ መቅረት ጀምሯል።

አንዱን ልንገራችሁ። ኖርዘርን ቦልድ አይቢስ ይሉታል፤ የእኛው የጋጋኖ ዘመድ ነው። ላባው ጥቁር፣ ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀይና ቆልማማ። ከመካከለኛው ምሥራቅ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶሪያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ በጣት የሚቆጠሩ ተገኙ። የት እንደሚከርሙ ግን ማንም አያውቅም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለጥቂቶቹ የሳተላይት መከታተያ ታሰረላቸው። ወፎቹ በዮርዳኖስ፣ በሳውዲና በየመን አድርገው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ያረፉት ኢትዮጵያ ነው። ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ደጋ፣ የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ከብት መሐል! ዓለም የት ገቡ እያለ ሲፈልጋቸው የነበሩት ወፎች በእረኛ ፊት እየተመላለሱ ነበር የሚከርሙት። እረኛው ያያቸዋል። ማንም ስላልጠየቀው አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። መንገድ ላይ አደንና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። ሶሪያ ውስጥ ጦርነት መጣ። ያ የፓልሚራ ዘር በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አለቀ። ዛሬ ያንን ሜዳ ቢያስሱት የሚመጣ የለም። ሌላም አለ። ቀጭን ምንቃር የነበረው የረግረግ ወፍ፣ ከሳይቤሪያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይመላለስ የነበረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሞሮኮ ውስጥ ነው። በ2025 ከምድር የጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። መጥፋቱ እስኪረጋገጥ 30 ዓመት ፈጀ።

አሁን በእጃችን ስላለው ጉዳይ ላንሣ። ነጩ ጥንብ አንሳ። ፊቱ ቢጫ፣ ላባው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ነው። በባልካን አገሮች የቀረው ከ100 ጥንድ በታች ነው። አፋር ውስጥ ግን በበጋ ወራት ከ1 ሺህ በላይ ተቆጥረው ያውቃሉ። ይህ ማለት የብዙ አገር ጥንብ አንሳ የሚተርፈው ወይም የሚሞተው በአፋር ነው ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ብዙዎቹ የሚያድሩት በትልልቅ የኤሌክትሪክ ማማዎች ላይ ነው።

ማማው በራሱ ያን ያህል አይገድልም። ሽቦዎቹ ተራርቀዋልና። የሚገድለው መካከለኛ ኃይል የሚያስተላልፈው አጭሩ የመብራት ምሰሶ ነው። ወፉ በብረቱ ላይ ቆሞ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ከነካ አለቀለት። ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረው 31 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ መንገድ ብዙ ነጭ ጥንብ አንሳዎችን ፈጅቷል። ተጠንቶ፣ ተጮኾ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተቋረጠ። በደህና መስመር ተተካ። እዩት እንግዲህ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ግን የስንት አገር ወፍ አስከፍሏል።

እኛ አሁን ገጠሩን መብራት እያስገባን ነው። መግባትም አለበት። የእናቶቻችን ዓይን በጭስ መጥፋቱ ይብቃ። ጥያቄው ምሰሶው እንዴት ይተከል የሚለው ነው። ሽቦው ከአግዳሚው ብረት በታች ቢንጠለጠል፣ ወፍ የሚቆምበት አካባቢ ያለው ሽቦ በማያስተላልፍ ነገር ቢሸፈን ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። መጀመሪያውኑ ሲሠራ ወጪው ትንሽ ነው። ተተክሎ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ነው የሚከብደው። በነፋስ ኃይል ማመንጫም እንዲሁ ነው። አሸጎዳ፣ አዳማና አይሻ ላይ ተክለናል። ሌላም እንተክላለን። ግብጽ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉት ማመንጫዎች የወፍ መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖቹን ለጥቂት ጊዜ እያቆመች ታሳልፋቸዋለች። ይህን ለማድረግ ግን መንጋው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደገና ወደ ቆጠራው ተመለስን።

ወፍ የት መቼ እንደሚበር ማወቅ ለሰውም ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቋል። 35 ሰው ሞተ። እስራኤል ውስጥ ዮሲ ሌሼም የተባሉት የወፍ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሽመላና የንስር መንጋዎችን በሞተር ተንሸራታች እየተከተሉ መንገዳቸውንና ሰዓታቸውን መዘገቡ። የአየር ኃይሉ የበረራ ሰዓቱን በዚያ መሠረት አስተካከለ። ግጭቱ በጣም ቀነሰ።

የሐይቆቹ ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። አቢጃታ የሚገባለት ውሃ ወደ መስኖና ወደ ፋብሪካ እየተጠለፈ ክፉኛ ሸሽቷል። ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎችና የውሃ ዳር ወፎች ለመልስ ጉዞ የሚሰነቁት ከእንዲህ ያለው ዳርቻ ነው። ስንቅ ያልያዘ ሰሃራን አይሻገርም።

ብዙዎች ወፍ ማየት የፈረንጅ ነገር ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ማኅበር ግን ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በመላ አገሪቱ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አውጥቷል። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ያለበት አገር ነው ያለን። መሠረቱ ተጥሏል። የጎደለው የሚወጣው ሰው ብዛት ነው።

መውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ባይኖኩላር ካለ ጥሩ። ከሌለ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወፎቹ ሰው ስለለመዱ በባዶ ዓይን ይታያሉ። ማለዳ ውጡ። ስልካችሁ ላይ ኢበርድ የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነጻ መተግበሪያ ጫኑ። ያያችሁትን፣ ስንት እንደሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡበት። ኔትወርክ ከሌለ ደብተር ይበቃል። ስሙን ባታውቁት አትፈሩ። መልኩን ጻፉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ያረፈ ወፍ አታባርሩ። ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ እያጫወታችሁ አትጥሩት። ለረጅም ጉዞ የሚወፍር ወፍ እያንዳንዷ ደቂቃ ምግብ ናት። ከአላስካ ተነሥታ ምሥራቅ አፍሪካ የምትከርም ዊትየር የምትባል ወፍ አለች። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ያቺን ወፍ ለአንድ ፎቶ አስነሥቶ ማባረር ነውር ነው። ብርቅ ወፍ ያገኘ ሰውም ጎጆዋን ለማንም ባይናገር ደግ ነው። እዚያ ድረስ መኪና የሚያስነሣ ሰው ብዙ ነው።

እስራኤል ላላችሁ ወገኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። እናንተ በመንገዱ ማዶ ናችሁ። በየካቲት እኛ የሸኘነውን በመጋቢት እናንተ ልትቀበሉት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ወደ ኤላት ወይም ወደ ሁላ ሸለቆ ውጡ። አያቶች ያን የሽመላ ዜማ ያውቁታል። ልጆቹ ደግሞ መተግበሪያውን ያውቁታል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢወጡ ደስ ይለኛል።

እኔ ባለፈው ዓመት ሆደ ቢጫዋን ወፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሚያዝያ 14 ቀን ነው። ሁለት ነበሩ። ከአንድ ጥቁር በሬ አጠገብ። በማግስቱ ስሄድ በሬው ብቻውን ይግጥ ነበር። ደብተሬ ላይ «የሉም» ብዬ ጻፍኩ። ዘንድሮም ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቼ በየቀኑ እዚያ ሜዳ ላይ ነኝ።